ይዞራል እንጂ አይነሳም

ቦራ ይሉታል ነፋሱን፤ ትሪዬስቴ ላይ፣ በጥር፣
የቆሻሻ ገንዳ ገፍቶ ዳገት የሚያስወጣ ፍጡር።
ከሌሊቱ አስር ተኩል። ዳቦው በሁለት ሳጥን
ታስሮ ከኋላዬ፣ ትኩሳቱ ሲተን፣
ቁልፉን አዞርኩት። መብራቱ በራ።
ማስነሻውን ተጫንኩ፤ ሞተሩ ጀመረ ሥራ፤
ጀመረ ብዬ ነበር።
ኽርርር… ኽርርር… ኽርርር…
ይዞራል እንጂ አይነሳም።
ሲጠሩት “አቤት” ይላል፤ አይመጣም።

ለፈረንጅ ገና ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ
ሦስት ሳምንት ቆሟል፣ ግቢው ጥግ ተረስቶ።
አንዴ ሞከርኩ፤ ሁለቴ፤ ሰባቴ።
የባትሪው ድምፅ ሰለለ፤ አብሮት ሰለለ ጉልበቴ።
ቤንዚን? ታንከሩን ወዘወዝኩት፤ ይንቦጫረቃል።
ቀይዋ ማጥፊያ? ክፍት ናት። የጎን እግሩ? ታጥፏል።
ልሰድበው አፌን ስከፍት
ነፋሱ ስድቤን አጎረሰኝ። ዋጥኩት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ፤
“ባትሪውን ልትገድለው ነው!” የሚል ቁጣ ተለቀቀ።
ኒቬስ ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ። የወደቡ ክሬን ጠጋኝ የነበረች፣
አንድ ባልና አሥራ አራት ክሬን ቀብራ ጡረታ የወጣች።
በነጠላ ጫማና በካፖርት ወረደች፣
የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ እንደነከሰች።

የሷን ቋንቋ ገና በቅጡ አላውቅም፤
ሰባት ወሬ ነው፤ ከ“እንደምን አደሩ” አላልፍም።
ግን ወደ ሞተሩ ጎን ጠቁሜ “ካንዴላ” አልኳት።
ቀና አለች። “ካቻቢቴ። ፒንሳ። ግራሶ። ፊልትሮ” ጨመርኩላት።
“ከየት ተማርከው?”
“ሶማሌ ተራ።”
የት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እጅጌዋን ሰበሰበች ለሥራ።

መትረየስ ይዘው የመጡት፣ ሲሄዱ ጥለውት የወጡትን ቃል
አባቴ ሞርዶታል፤
ቪቴውን ቢቴ ብሎ፣ በገዛ አፉ ቅርፅ አበጅቶ፣
ከመፍቻው ጋር አወረሰኝ። ይኸው ዞሮ ዞሮ መጥቶ
ባለቤቷ እጅ ገባ፤ እሷም ተቀበለችው፣
የተበደረችውን ሳይሆን ያበደረችውን ረስታው።

ካንዴላውን ፈታች። ረጥቧል፣ ቤንዚን ጠጥቷል።
በካፖርቷ ጫፍ አደረቀችው፣ ብረት አስነካችው፤ “ምታ!”
መታሁ። ሰማያዊ ብልጭታ፤
ከዝንብ ዓይን አትበልጥም፣ ግን አለች።
“እሳት አለ” አለች፣ አንድ ጣት አጠፈች።
“ነዳጅ አለ፤ እንዲያውም ተርፎታል።” ሁለተኛውን አጠፈች።
ሦስተኛውን ደረቷ ላይ አኖረች፤
አየር ወደ ውስጥ ሳበች።

ያኔ ገባኝ።
የሚጠጣው አልጎደለ፣ የሚለኩሰው አልጎደለ፤
ትንፋሹን ማን ከለከለ?

ወንበሩ ተነሳ። አራት ብሎን፣ በካቻቢቴ።
የአየር ሳጥኑ ክዳን ሲከፈት
“ናሁ!” ብላ ጮኸች።
ናሁሰናይ ነው ስሜ፤ ስለሚረዝምባት
ግማሹን ነው የምትጠራው።
“እነሆ” ማለት እንደሆነ ግዕዙን ማን ነገራት?
እነሆም፣
ከጥቅምት ጀምሮ የፈለግሁት የግራ ጓንቴ፣
ሱፉ እንደ ባዘቶ ተነድፎ፣ አራስ ቤት ሆኖ ሳለ፤
በየጣቱ ፋንታ
አምስት የአይጥ ግልገል፣ ቀይ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣
ብርዱን ሲሰሙ የተንፈራገጡ።
እናታቸው የለችም። ወይም አለች፣ ከሆነ ጥግ ታየናለች።

እኔ ሰዓቴን አየሁ።
ኒቬስ አንድ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣
ጓንቴን ከነቤተሰቡ ውስጡ አስተኛች፣
በአንድ እግር ካልሲ ደረጃውን ወጣች።
“ፊልትሮውን አራግፈው” አለች ሳትዞር፣
“ከዚያ አንዴ ብቻ ሞክር።”

አንዴ ብቻ ሞከርኩ።
ሳለ፤ አስነጠሰ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤
ተነሳ።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት
ዳቦውን ለብ ብሎ ተቀበለኝ፤ ማንም አላማረረ።
በየመብራቱ ስቆም ግራ እጄ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ
ራቁቱን ከረረ፤
ደንዝዞ ሲያበቃ፣
ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።
አምስት ናቸው።